ስለ ተነሳሽነትና ስሜት ሲወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በፍሬሽማንነቱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ይወስዳል። ስለ ተነሳሽነትና ስሜት የሚያስረዳ ምዕራፍም እዚያ ውስጥ አለ። ጥሩ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ከፈተና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሥዕሉና መፈክሩ ብቻ መሆኑ ነው። ያ ተማሪ ነገ ወላጅ ይሆናል፣ አለቃ ይሆናል። በተሳሳተ መንገድ የያዘውን ሐሳብም ሰው ላይ ይሞክረዋል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የማስሎን ሐሳብ እንደ መወጣጫ ደረጃ ማየት

"ሆዱ ያልሞላ ሰው ስለ ክብር አያስብም" የሚል ነገር የሰውን ፍላጎቶች ከአካል ፍላጎት ጀምሮ በቅደም ተከተል ባስቀመጠው የሥነ ልቦና ሊቅ በአብርሃም ማስሎ ስም ይነገራል። በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ማስሎ ይህን ያህል የደረቀ ነገር አላለም። ፍላጎቶቹ ከታች ወደ ላይ ተደርድረው የሚታዩበት ፒራሚድም የእሱ ሥዕል አይደለም። ሐሳቡን በሦስት ማዕዘን አድርጎ በ1960 ለሥራ አስኪያጆች ያቀረበው ቻርልስ ማክደርሚድ የተባለ አማካሪ ነው።

ማስሎ አንዱ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ሳይሟላ ሌላው ብቅ እንደሚል በግልጽ ጽፏል። ለማስረዳት ብሎም ቁጥር አስቀምጧል። አንድ ተራ ሰው የአካል ፍላጎቱ 85፣ የደህንነቱ 70፣ የፍቅሩ 50፣ የክብሩ 40፣ ያለውን ችሎታ ሁሉ አውጥቶ የመኖር ፍላጎቱ ደግሞ 10 በመቶ ተሟልቶለት ሊሆን ይችላል ይላል። እነዚህ ቁጥሮች የጥናት ውጤት አይደሉም፣ ምሳሌ ናቸው። ሐሳቡን ግን ያሳያሉ። ፍላጎቶቹ ተራ አይጠብቁም፣ ሁሉም በየመጠናቸው አብረው ይኖራሉ። ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ እንደሚችልም ለዓላማቸው ሲሉ ሁሉን የሚተዉ ሰዎችን አንስቶ አስረድቷል።

እኛ ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። ሁዳዴን ወይም ረመዳንን የሚጾም ሰው እምነቱን ከረሃቡ አስቀድሟል። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት እየሠራች ደሞዟን ለወንድሞቿ ትምህርት የምትልክ ልጅ ቤተሰቧን ከራሷ ምቾት አስቀድማለች። ስህተቱ የሚጎዳው "ደሞዛቸው ትንሽ ስለሆነ የሚፈልጉት ብር ብቻ ነው" የሚል አለቃ ሲመጣ ነው። ጥበቃውንና የፅዳት ሠራተኛዋን በስማቸው አይጠራም፣ ሐሳባቸውን አይጠይቅም። የሚያደርገውንም ሳይንስ ይመስለዋል። እነሱ ግን ደሞዙንም ይፈልጋሉ፣ መከበሩንም ይፈልጋሉ፣ ሁለቱንም ዛሬ።

ሽልማትን ያለ ቦታው መጠቀም

በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን "ከሳላችሁ ሽልማት አለ" ተባለ። ሁለተኛው ምንም ሳይነገረው ከሳለ በኋላ ተሸለመ። ሦስተኛው አልተሸለመም። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ልጆቹ እንደፈለጉ እንዲጫወቱ ሲተዉ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሥዕሉ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሥራ የሆነባቸው ይመስላል።

ስለዚህ ማንበብ የሚወድ ልጅን "ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ይህን ያህል ብር" ማለት አይመከርም። ያልጠበቀውን ስጦታ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በሙከራው በድንገት የተሸለሙት ልጆች ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ከዚህ ተነስቶ "ገንዘብ ተነሳሽነት ይገድላል" ማለት ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። አንዳንድ ቀጣሪ ጭማሪ ሲጠየቅ ይህን ይጠቅሳል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጥናቱ ስለ ደሞዝ አይደለም። ኤድዋርድ ዴሲና ባልደረቦቹ በ1999 128 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው ያገኙት ነገር ጠባብ ነው። ጉዳቱ የታየው ሰው በራሱ ደስ ብሎት በሚሠራው ነገር ላይ፣ አስቀድሞ ቃል በተገባ የሚጨበጥ ሽልማት ነው። አሰልቺ ሥራ ላይ ያ ጉዳት አልታየም። ከልብ የመጣ "ጎበዝ፣ ይህን በደንብ ሠርተኸዋል" ደግሞ ተነሳሽነትን ከፍ ያደርጋል። እንዲያውም ይህ ምንም ወጪ የለውም።

"ትንሽ ጭንቀት ለሥራ ጥሩ ነው" ብሎ የርክስንና ዶድሰንን መጥቀስ

ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1908 ያሳተሙት፣ ለዚህ አባባል የሚጠቀሰው ሙከራ አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እየቀጡ ነጭና ጥቁር ሳጥን እንዲለዩ ማስተማር ነበር። በዚያ ላይ የመለየቱ ሥራ ሲከብድ ጠንካራው ንዝረት ትምህርቱን አዘግይቷል። ሠራተኛን ለማስጨነቅ ፈቃድ የሚሰጥ ነገር የለበትም።

ንዴት ካልወጣ አይበርድም ማለት

ትራስ ምታ፣ ጩኽ፣ ይወጣልሃል ይባላል። ብራድ ቡሽማን በ2002 ይህን ፈተነው። የተናደዱ ተማሪዎች ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት መቱ። ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ንዴታቸው ጨመረ።

ታዲያ ዋጥ አድርጎ መያዝ ይሻላል? እሱም አይደለም። ጀምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚዘገንን ፊልም እያዩ ስሜታቸውን እንዲደብቁ የተነገራቸው ሰዎች ከውጭ ሲታዩ ረጋ ያሉ ነበሩ። በሰውነታቸው ውስጥ ግን የጭንቀት ምልክቶች ጨመሩ። የተሻለው መንገድ ነገሩን ከሌላ ወገን ማየት ነው። ቡና ላይ የምናወራው ወሬ ለዚህ ይጠቅማል፣ ግን ሁሉም ወሬ አይደለም። "እንዲህ አለችኝ፣ እንዲህም አለችኝ" እያሉ መደጋገም ንዴቱን እንደገና ያሞቀዋል። "ምን አጋጥሟት ይሆን?" ብላ የምትጠይቅ ጎረቤት ግን በእውነት ታግዛለች።

ፊት አይቶ ስሜት አውቃለሁ ማለት

ፖል ኤክማን በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዶ አንዳንድ የፊት ገጽታዎች በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ እንደሚታወቁ ጽፏል። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኤክማን ራሱም ቢሆን እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ስሜት መቼና የት እንደሚታይ የራሱ ሥርዓት አለው ብሏል። ታላቅ ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፣ ጨዋነት ሊሆን ይችላል። ቀጣሪዎች በቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ቢያስቡልኝ።

የስሜት ንድፈ ሐሳቦችን አንዱ ሌላውን የሻረ አድርጎ መሸምደድ

ዊልያም ጄምስ በ1884 ልብ መምታቱ ቀድሞ ፍርሃቱ ይከተላል አለ። ዋልተር ካነን በ1927 ተቃወመው፤ አንድ ዓይነት የልብ ምት በተለያዩ ስሜቶች ላይ ይታያል ብሎ። ሻክተርና ሲንገር በ1962 ሰውነት ሲነቃቃ ስሙን የምናወጣለት ከአካባቢው ተነስተን ነው አሉ። የእነሱንም ሙከራ በ1979 የደገሙት ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት አላገኙም። ከየአንዱ ግን የተረፈ ነገር አለ፤ ለምሳሌ ለልብ ምቱ የምንሰጠው ስም ለውጥ ያመጣል። አሊሰን ውድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው ወይም ሒሳብ ከመሥራታቸው በፊት ለራሳቸው "ጓጉቻለሁ" ያሉ ሰዎች፣ ለመረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ሠርተዋል። ፈተና በር ላይ ልቡ የሚመታ ተማሪ "ተረጋጋ" ከሚባል ይልቅ ይህን ቢሞክር ይሻለዋል።