ከጎንደር ወደ ዛንዚባር፦ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የሚያስበው ስለ ሙቀቱ ነው። ልብሱንም ጌጡንም የሚያበላሽበት ግን እርጥበቱ ነው።

ወቅቱን በጎንደር ሰማይ መገመት። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ የዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፣ አነስተኛው ደግሞ በኅዳር አካባቢ። የፋሲካን በዓል እዚያ ላሳልፍ የሚል ነጭ ሱሪውን ትቶ ስስ የዝናብ ጃኬት ይያዝ። ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ሲዘጋ የሚሄድ ግን ጃንጥላውን ለጎረቤት ቢያውስ ይሻላል፤ ያኔ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው።

ጂንስ መጫን። በጎንደር የበጋ ፀሐይ ጠዋት የተሰጣ ጂንስ ማታ ይለበሳል። እዚያ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ እንደተሰጣ ያድራል፤ ሳይደርቅ ከታጠፈም ይሸታል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ነገር ግን ላብ ስለማያሳልፍ ገላ ላይ ይጣበቃል። የሚሻለው ሊነን (ከተልባ ተክል የሚሠራ ጨርቅ) ወይም ስስ ጥጥ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ልባሽ ጨርቅ ሲያገላብጡ ምልክቱ የተቀደደ ልብስ ካጋጠመዎ በእጅዎ ጨምድደው ይልቀቁት፦ ሊነን ጭምድዱን ይዞ ይቀራል፣ ፖሊስተር ወዲያው ይዘረጋል። መጨማደዱ አያሳፍር፤ የሊነን ውበቱ እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙሉ ልብስ መቁጠር። ለ7 ቀን ከላይ የሚለበስ 4፣ ከታች የሚለበስ 3 ይበቃል፤ ሁሉም እርስ በርስ ከሄዱ 12 ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል። እንዲሄዱ ደግሞ መደቡ ሁለት ቀለም ይሁን፣ ለምሳሌ ነጭና የአሸዋ ቀለም፣ አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ ተጨምሮበት። የዋና ልብስ ግን 2 ነው፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይለበሳል። ለእራት አንድ ባለጥበብ ቀሚስ ይጨመር፤ በእኛ ዓይን ከሆቴል ሱቅ ልብስ ሁሉ ይበልጣል። ብቻ ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድመው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርገው ይሞክሩት።

ከተማውን መርሳት። አብዛኛው የዛንዚባር ነዋሪ ሙስሊም ነው። በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን ትከሻና ጉልበት መሸፈን ይጠበቃል፤ ወንዱም ሸሚዙን አውልቆ አይዞርም። ለዚህ ነጠላን የሚያህል የለም፦ ከተማ ውስጥ ትከሻ ላይ፣ በባሕሩ ዳርቻ ወገብ ላይ፣ አውሮፕላን ውስጥ አንገት ላይ። ነጩ ሲርስ ገላ ያሳያልና ባለቀለሙን ይምረጡ። ጋቢው ይቅር።

ቅቤ ተቀብቶ፣ የብር ጌጥ አድርጎ መሄድ። በዚያ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ አንገትጌ ላይ ይወርዳል። ሹሩባ ተሠርተው፣ ከመዋኘትዎ በፊት ጸጉርዎን በንጹሕ ውሃ ያርሱት፤ የረሰረሰ ጸጉር ጨውና ክሎሪን ብዙ አይመጥም። የብር ጌጥ በመዋኛ ገንዳ ክሎሪን ስለሚጠቁር ለምሽት ብቻ ይቀመጥ።

ነጠላ ጫማ ብቻ መያዝ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ይርቃል። በቀረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ስለታም ድንጋይና እሾሃም የባሕር እንስሳ አለ፤ ነጠላ ጫማ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከእግር ይወልቃል። ኮንጎ ጫማ እዚህ ላይ ይረዳል። ለፎቶ ባያምርም አይወልቅም።

አንዲት ትንሽ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ይበቃኛል ማለት። የአዋቂ ሰው ሙሉ ገላ አንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይደገማል። በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው የ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ ለሦስት ጊዜ ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁ ከሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን አይስሙ፤ የባሕር ነፋስ እየተቃጠሉ እንዳይሰማዎ ያደርጋል። ኤስፒኤፉ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ፊት ላይ ነጭ እንዳይቀር ጄል ወይም ቀለም ያለው ይምረጡ።

ሁሉንም ወደ ሚጫነው ሻንጣ መክተት። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ሲቀየር ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። የዋና ልብስ፣ አንድ ቅያሪ፣ መድኃኒትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከእጅ አይለዩ፤ ክትባቱን ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይውሰዱ። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ክልክል ነው። ከጎንደር አየር ማረፊያ፣ ከአዘዞ፣ የሚነሡት ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖች የላይ መደርደሪያቸው ጠባብ ነውና የእጅ ሻንጣው ለስላሳ ይሁን። የእኛ ባለሁለት ክብ እግር ቻርጀር እዚያ አይገባም፤ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር አዳፕተር ይያዙ። ፌስታል ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ስለከለከለች ልብስ በጨርቅ ከረጢት ይለይ።

ጠርሙስ የሚፈሰው ሲሄዱ ነው ብሎ ማሰብ። በበረራ ላይ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ስለሆነ ከጎንደር ብዙም አይለይም። ጎንደር ላይ የተከደነ ሻምፖ ሲሄዱ አያስቸግርም። ባሕር ጠለል ላይ የከደኑት ግን ሲመለሱ ውስጡ ያለው አየር ይነፋና በክዳኑ ይወጣል። የመጨረሻው ቀን ላይ ለስላሳውን ዕቃ ጨመቅ አድርገው አየሩን ካስወጡ በኋላ ይክደኑት፤ ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ላስቲክ ጣል ያድርጉ።