አየር መንገዶች ሲዋሃዱ አብራሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ሁለት የአሜሪካ አየር መንገዶች ሊዋሃዱ ነው የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ወጣት አብራሪዎች የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ቁጥሬ ስንት ይሆናል?» ስህተቱ የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ስለሆነ እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩን ብቻ መመልከት

የቀደምትነት ቁጥር (በኩባንያው የአብራሪዎች ዝርዝር ውስጥ ያላችሁ ተራ) የትኛውን አውሮፕላን እንደምታበሩ፣ በካፒቴን ወይም በረዳት አብራሪ ወንበር እንደምትቀመጡ፣ ቤዛችሁ (ሥራ የምትጀምሩበት ከተማ) የት እንደሚሆን፣ በዓልን ከቤተሰብ ጋር ማሳለፍ አለማሳለፋችሁን፣ ቅነሳ ሲመጣም ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ይወስናል። ሌላ ኩባንያ ስትቀጠሩ አብሯችሁ አይሄድም፤ እዚያ ከመጨረሻው ትጀምራላችሁ። ስለዚህ መደንገጣችሁ አይገርመኝም። የሚገርመኝ የምትደነግጡበት ምክንያት ነው።

ከ4,000 አብራሪዎች 2,000ኛ የነበረ ሰው ከውህደቱ በኋላ ከ12,000 ውስጥ 6,000ኛ ሆኖ ሲያገኘው «4,000 ሰው ቀደመኝ» ይላል። ማንም አልቀደመውም፤ ያኔም መካከል ላይ ነበር፣ ዛሬም መካከል ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት ከፊቱ የተሰለፉት ሰዎች ዕድሜ ስንት እንደሆነ ነው። አብራሪዎች በ65 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ። በቀድሞ ኩባንያችሁ ከፊታችሁ የነበሩት ሽማግሌዎች ከነበሩ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ላይኛው ክፍል ትደርሱ ነበር። ከሌላው ወገን መጥተው ከፊታችሁ የገቡት ወጣቶች ከሆኑ ግን ዛሬ በመቶኛ ሲሰላ ያላችሁ ቦታ ባይነካም ነገ አብረዋችሁ ያረጃሉ፤ ቦታ አይለቁላችሁም። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲወጣ የዛሬውን ገጽ አይታችሁ አትዝጉት። ከአምስት ዓመት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደምትሆኑ የሚያሳየውን ስሌት ከማኅበራችሁ የውህደት ኮሚቴ ጠይቁ። ስሌቱንም በየቤዙና በየአውሮፕላኑ ዓይነት ለይታችሁ እዩት። በጠቅላላው ዝርዝር መካከል ላይ ያለ ሰው፣ አንጋፋዎች በሚሻሙበት ቤዝ ግን ጭራ ሊሆን ይችላል።

«ፍትሕ ማለት የቅጥር ቀን ነው» ብሎ መድረቅ

በዚህኛው ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። «እኔ በ1988 ተቀጠርኩ፣ እርሱ በ2005፤ ስለዚህ እኔ እቀድማለሁ» የሚለው ክርክር ሲሰሙት ንጹሕ ይመስላል። የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ይህን ክርክር ይዘው የት እንደደረሱ ግን ማንም ወደ ኋላ ዞሮ ማየት አይፈልግም።

ዩኤስ ኤርዌይስ በ2005 ከአሜሪካ ዌስት ጋር ሲዋሃድ በኪሳራ ፍርድ ቤት ውስጥ ነበር፤ ብዙ አብራሪዎቹም በቅነሳ ቤታቸው ተቀምጠዋል። የአሜሪካ ዌስት አብራሪዎች በአማካይ በቅጥር ዘመን ታናናሽ ቢሆኑም ሥራ ላይ ነበሩ። የግልግል ዳኛው ጆርጅ ኒኮላው በ2007 ውሳኔ ሰጠ፦ ሰፊ አካል (ሁለት መተላለፊያ ያለው ትልቅ) አውሮፕላን ይዞ የመጣው ዩኤስ ኤርዌይስ ብቻ ስለሆነ 517 አንጋፋ አብራሪዎቹ ከሁሉም በላይ ይቀመጡ፤ ሥራ ላይ ያሉት በተመጣጣኝ መጠን ይሰባጠሩ፤ በቅነሳ የወጡት ወደ ውህደቱ ይዘው የመጡት ሥራ የለምና ከታች ይግቡ። ከ15 ዓመት በላይ የአገልግሎት ዘመን ያለው ሰው ገና አዲስ ከተቀጠረ ልጅ ኋላ ተሰለፈ።

ያማል፤ ማመሙን አልክድም። ነገር ግን የተከተለውን ተመልከቱ። የምሥራቁ ወገን፣ ማለትም የቀድሞዎቹ የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች፣ በቁጥር ይበልጥ ስለነበር በ2008 አልፓ የተባለውን የአብራሪዎች ማኅበር በድምፅ አስወጥቶ የራሱን ማኅበር አቋቋመ፤ ዓላማውም ውሳኔው በሥራ ላይ እንዳይውል ማድረግ ነበር። ተሳካለት። በአንድ ስም፣ በአንድ ቀለም የሚበር ኩባንያ ምሥራቅና ምዕራብ በሚባሉ ሁለት የአብራሪ ወገኖች ተከፍሎ ዓመታት ቆየ። የጋራ ውል ባለመኖሩም የምሥራቁ አብራሪዎች በ2004 በኪሳራው ጊዜ በተፈረመው ዝቅተኛ ክፍያ ላይ ተቸነከሩ። በ2013 መጨረሻ ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ሌላ ውህደት እስኪመጣ ድረስ ሲካሰሱ ኖሩ፤ የሁሉም ዝርዝር አንድ የሆነው በ2016 በሌላ የግልግል ውሳኔ ነው። በመካከሉ ስንቱ ጡረታ ወጣ! የታገሉለትን የካፒቴን ወንበር ያላዩት፣ ያልተከፈላቸው የደመወዝ ልዩነትም ከዚያ ወዲህ ያልተመለሰላቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ታሪክ ስነግራቸው «የእኛ ግን ይለያል» የሚሉኝ አሉ። ምኑ ነው የሚለየው?

የግልግል ዳኞች የሚመዝኑት ሦስት ነገር ነው፦ የአገልግሎት ዘመን፣ አብራሪው የያዘው ወንበርና አውሮፕላን፣ እንዲሁም ውህደቱ ባይመጣ ኖሮ ሊደርስበት ይችል የነበረው ደረጃ። የቅጥር ቀን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው።

ሕጉ ይጠብቀኛል ብሎ የቀረበውን ስምምነት መናቅ

ቲ.ደብሊው.ኤ የተባለው አየር መንገድ በ2001 በአሜሪካን አየር መንገድ ሲጠቀለል አብራሪዎቹ በውላቸው ውስጥ የነበረውን የውህደት ጥበቃ ትተው ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዝርዝሩ ጭራ ተለጠፉ። በዚያው ዓመት የመስከረም 11 ጥቃት ደረሰ፤ የቅነሳው ዱላም በእነርሱ ላይ አረፈ። በ2007 መጨረሻ የወጣው የማካስኪል-ቦንድ ሕግ የተወለደው ከዚህ በደል ነው፤ የዝርዝሩ ውህደት «ፍትሐዊና ሚዛናዊ» እንዲሆን፣ መስማማት ካልተቻለም ጉዳዩ ለግልግል እንዲቀርብ ያስገድዳል።

ሕጉ የሚሰጣችሁ ሥርዓቱን እንጂ ውጤቱን አይደለም። የኤር ትራን አብራሪዎች መሪዎች በ2011 ኩባንያቸውን ከገዛው ከሳውዝዌስት ጋር የተደረሰውን የመጀመሪያ ስምምነት ለአባላት ድምፅ እንኳ ሳያቀርቡ ውድቅ አደረጉት። የሳውዝዌስት አመራር ኤር ትራንን ሳያዋህድ ለብቻው ሊያቆየው እንደሚችል ፍንጭ ሲሰጥ ድንጋጤ ወረደ። ሁለተኛው ስምምነት ከመጀመሪያው የከፋ ነበር፤ አባላቱ በዚያው ዓመት ኅዳር አጸደቁት፤ ብዙ ካፒቴኖችም ወንበራቸውን አጡ።

ቤት መግዛት፣ ቤት መሸጥ

ዜናው በታወጀ ሰሞን ምንም አትግዙ፤ ምንም አትሽጡ። ከማዕከሎቻችን (ብዙ በረራዎቻችን ከሚገናኙባቸው ከተሞች) አንዱም አይዘጋም የሚለው የሥራ አስኪያጆች መግለጫ ለአክሲዮን ገዢዎችና ለፖለቲከኞች የተጻፈ ነው። ዴልታና ኖርዝዌስት በ2008 ሲዋሃዱም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ ሜምፊስ በ2013 ማዕከልነቷን አጣች። ዩናይትድና ኮንቲኔንታል በ2010 ተዋሃዱ፤ በ2014 ክሊቭላንድ ተራዋ ደረሰ። ዩኤስ ኤርዌይስም በ2010 የላስ ቬጋስን፣ የቦስተንንና የላጓርዲያን የበረራ ሠራተኞች ቤዞች ዘጋ። ሁለቱ ማዕከሎች ተቀራራቢ ከሆኑ ትንሹ አደጋ ላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ ካርታ ማየት በቂ ነው።

«አጥር አለልኝ» የሚሉም አሉ። አጥር የምንለው የአንድ ወገን አብራሪዎች ቤዛቸውን ወይም አውሮፕላናቸውን ለተወሰነ ጊዜ ለብቻቸው እንዲይዙ የሚያደርግ አንቀጽ ነው። የቲ.ደብሊው.ኤ አብራሪዎች ሴንት ሉዊስ ላይ እንዲህ ያለ ጥበቃ ነበራቸው፤ አሜሪካን በ2003 የሴንት ሉዊስን በረራ በግማሽ ገደማ ቀነሰው። አጥሩ ቆሞ ነበር፤ ማሳው ግን ተነሥቶ ሄደ። አጥር ሲኖራችሁ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፉ። በዚያ ቀን ከሌላው ወገን የሚመጣ አንጋፋ ወደምትወዱት ቤዝ ይገባል፤ ሳታስቡት ወደ ተጠባባቂነት ትወርዳላችሁ።

ምልልሱ እንደ ድሮው ይቀጥላል ብሎ ማሰብ

ከቤዝ ርቆ በሌላ ከተማ መኖርና ወደ ሥራ በአውሮፕላን መመላለስ የተለመደ ነው። በሁለት ኩባንያዎች ጊዜ ግን ሁለቱም ከከተማችሁ ይበሩ ነበር፤ ሲዋሃዱ ተደራራቢ በረራዎች ይሰረዛሉ። የጠዋቱ ሦስት በረራ አንድ ይሆንና ለዚያች አንድ ጃምፕሲት (ተጓዥ አብራሪ የሚቀመጥባት ትርፍ የሠራተኛ ወንበር) የሁለቱም ወገን ተመላላሾች ይሰለፋሉ። የተመላላሽ አንቀጹንም ቃል በቃል አንብቡት። ወንበር አጥታችሁ ብትቀሩ ከቅጣት የሚያድናችሁ ስንት አማራጭ በረራ ስትሞክሩ እንደሆነ ከውል ውል ይለያያል፤ በጋራ ውሉም ያ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ተመላላሽ ሆኖ ተጠባባቂ መሆን ነው። ስልኩ ሲጮህ በሰዓታት ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ስላለባችሁ በቤዙ ከተማ ከሌሎች አብራሪዎች ጋር አልጋ ተጋርታችሁ ታድራላችሁ። የማውቀው አንድ ረዳት አብራሪ ቤዙ ሲዘጋ ካፒቴንነትን መርጦ ሩቅ ወዳለ ቤዝ ሄደ። ደመወዙ አደገ፤ ግን በተጠባባቂነት ልጆቹን ማየት ብርቅ ሆነበት። እኩያው በረዳት ወንበር ቤቱ አጠገብ ቆይቶ የሚፈልገውን መርሐ ግብር እየመረጠ ይበራል። ማን እንደተሳሳተ እኔ አልፈርድም። የመጀመሪያው ግን ስሌቱን በደመወዝ ብቻ ነበር የሠራው።

የድካሙን ነገር ቀላል አታድርጉት። በየካቲት 2009 ቡፋሎ አቅራቢያ በወደቀው የኮልጋን በረራ 3407 ላይ ሁለቱም አብራሪዎች ተመላላሾች ነበሩ፤ ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ሙሉ ከሲያትል ተጉዛ ነበር ኒውርክ የደረሰችው። የምልልስ ሰዓት ዛሬም እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጠርም፤ ለበረራ ብቁ ሆኖ መቅረብ የአብራሪው ኃላፊነት ነው።

ጥቃቅኖቹ

ውህደቱ ከታወጀ በኋላ በጥድፊያ ወደ ትልቅ አውሮፕላን በመዛወር ቦታ ለማሻሻል አትሞክሩ፤ ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት ከዚያ ቀደም ያለውን ሁኔታ ነው። የግዢው ውል የሚዘጋበትን ቀንና ዝርዝራችሁ የሚዋሃድበትን ቀን አታምታቱ፦ ዴልታና ኖርዝዌስት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ጨረሱ፤ ዩናይትድና ኮንቲኔንታል በ2010 ተዋህደው ዝርዝሩ የወጣው በ2013 ነው። የዝርዝር ጠብ ደግሞ ኮክፒት ውስጥ አይነሣም። አዲስ አውሮፕላን ከመምረጣችሁ በፊትም ከሥልጠናው በኋላ በዚያው አውሮፕላን ላይ ስንት ዓመት እንደሚያስራችሁ አረጋግጡ፤ እስራቱ ሳያልቅ ቤታችሁ አጠገብ ቤዝ ቢከፈት ከሩቅ እያያችሁ ያልፋችኋል።