ስለ ብልህ ድመት የሚያስቅ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

ከሁሉ በፊት የድመቷ ብልሃት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ መወሰን ያስፈልጋል። ደብዳቤ የምታነብ፣ መኪና የምትነዳና ቋንቋ የምትናገር ድመት ከጥቂት ገጾች በኋላ ማሳቋ ይቀራል፤ ሁሉን ለሚችል ገጸ ባሕርይ የሚያስጨንቅ ነገር አይኖርምና። አንድ ችሎታ ይበቃታል፤ በቀረው ሁሉ እንደ ማንኛዋም ድመት ትሁን።

ያም ችሎታ ከእውነተኛ የድመት ጠባይ ቢበቅል ይመረጣል። ድመቶች አብዛኛውን ጊዜያቸውን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ ሲነጋጋና ሲመሻሽ ይነቃቃሉ፤ የሰው ጆሮ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅም ይሰማሉ። ያደጉ ድመቶች «ሚያው» የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ለሰው እንጂ ለእርስ በርሳቸው አይደለም፤ ይህ ለቀልድ ጸሐፊ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ድመቷ የትኛው ጩኸት የጓዳውን በር እንደሚያስከፍት አጥንታ ልትይዝ ትችላለችና።

«በጣም ጎበዝ ነበረች» ብሎ ከመተረክ ይልቅ ድርጊቷን ማሳየት ይሻላል፦ በበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥላ በክብደቷ ወደ ታች ስትስበው፣ በሩ ገርበብ ሲል በአፍንጫዋ ስትገፋው፣ የእግር ኮቴ ስትሰማም ምንጣፉ ላይ ተጋድማ መዳፏን ስትልስ። ባለቤቷ ግን ነገሩ ሳይገባው ቁልፍ ሠሪ ይጠራል።

ተራኪው ኮስተር ብሎ፣ እንደ ዜና ዘጋቢ ይተርክ። በመጨረሻም ድመቷ አንድ ጊዜ መሸነፍ አለባት፤ ለዚህ ደግሞ ከባዶ ካርቶን የተሻለ ባላጋራ የለም።