የፕላን መስመር ሁሉ እኩል አይወፍርም

የወለል ፕላን መሳል ለጀመራችሁ፦ ልኩ ትክክል ሆኖ ስዕሉ አልነበብ ካለ፣ መጀመሪያ የመስመሮቹን ውፍረት ተመልከቱ።

ፕላን ማለት ቤቱ ከወለሉ 1.2 ሜትር ገደማ ላይ በአግድም ተቆርጦ ከላይ ሲታይ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ሁሉ፣ ግድግዳውም ምሰሶውም፣ በ0.5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ከቁርጡ በታች የሚታየው፣ ለምሳሌ ደረጃና የመስኮት ደፍ፣ 0.25 ይበቃዋል። የወለል ንጣፍና የልኬት መስመር 0.13። ከቁርጡ በላይ ያለው፣ እንደ ጣሪያ ጠርዝ፣ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል።

በእርሳስ ከሆነ ሙሉውን ፕላን ሳትጫኑ በ2ኤች (2H፣ ጠንካራና ፈዛዛ እርሳስ) ጨርሱ። በርና መስኮቱ ቦታውን ሳይዝ ግድግዳ አታድምቁ፤ የደመቀ መስመር በላጲስ ሲጠፋ ወረቀቱ ላይ ጭረቱ ይቀራል። ከዚያ ግድግዳውን በኤችቢ (HB፣ ለስለስ ያለና ደማቅ እርሳስ) ከላይ ወደ ታች እየወረዳችሁ አድምቁ፣ እጃችሁ የተሳለውን እንዳያጠቁረው። መስመሩን ስትጎትቱ እርሳሱን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። ካልተሽከረከረ ጫፉ ባንድ ጎኑ ያልቅና ቀጭን የጀመረው መስመር ወፍሮ ያበቃል።

ማዕዘን ላይ መስመሮቹ የግድ ይገናኙ። አንድ ሚሊ ሜትር ቢተላለፉ ችግር የለውም፤ ክፍተት ከቀረ ግን ግድግዳው ያልተዘጋ ይመስላል።

እስኬሉንም፣ ማለትም ስዕሉ ከእውነተኛው ቤት ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ አስቡ። 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ በ1:50 አራት ሚሊ ሜትር፣ በ1:100 ሁለት፣ በ1:200 አንድ ብቻ ነው። በዚህ በመጨረሻው ሁለት ወፍራም መስመሮች ስለሚጣበቁ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ማጥቆሩ ይሻላል።

ስትጨርሱ ስዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሁለት ሜትር ራቁ። ቀድሞ ዓይን ውስጥ የገባው የወለል ንጣፉ ከሆነ ግድግዳውን እንደገና አድምቁት።