ጆሮዎ ጭው ካለ መጀመሪያ መስማትዎን ያስለኩ

ቀን ላይ ብዙም አይሰማም። ማታ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ይጀምራል፤ ጭውውው። አንዳንዱ ፉጨት ነው ይላል፣ ሌላው የፌንጣ ጩኸት። ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል። ብዙዎቻችን ድምፁን ለማጥፋት እንሯሯጣለን እንጂ መስማታችን ይቀንስ እንደሆነ ትዝ አይለንም። ጆሯቸው ጭው ከሚልባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ትንሽም ቢሆን መስማታቸው ቀንሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ስንወለድ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ናቸው። በጩኸት፣ በዕድሜ ወይም በመድኃኒት ከሞቱ አይተኩም። የሚደርሰው መልእክት ሲያንስበት አእምሮ የራሱን ቮልዩም ይጨምራል። ድሮ በአጭር ሞገድ ራዲዮ ዜና ለመስማት የታገለ ሰው ይገባዋል፤ ጣቢያው ሲርቅ ድምፁን ከፍ ቢያደርጉት ከዜናው በላይ ሽሽሽ የሚለው ይጮሃል። ተመራማሪዎች በዝርዝሩ ባይስማሙም ብዙዎቹ የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው።

1. አስቸኳዩን ይለዩ። በሰዓታት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጆሮዎ ድንገት መስማት ካቃተው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ። «ብርድ መቶኝ ነው» ብለው ሳምንት አይጠብቁ። የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ሕክምና የሚረዳው በቶሎ ሲጀመር ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ጩኸቱ ከልብ ምትዎ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ማዞርና የፊት መጣመም ከተጨመረበትም አይዘግዩ።

2. ጆሮዎን አይጎርጉሩ። ኩክ ጆሮን ደፍኖ ጭው ሊያሰኝ ይችላል። ምክንያቱ ይህ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ኩኩ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይተዋል። በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ ሲቆፍሩት ግን ወደ ውስጥ ይገፉታል፣ ታምቡሩንም ሊበሱት ይችላሉ። ባለሙያ አይቶ ያውጣልዎ።

3. መስማትዎን ያስለኩ። ዋናው ይሄ ነው። «ሰውየው ሲያወራ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይገባኝም» ካሉ፣ ወይም ልጆችዎ «ቴሌቪዥኑን ቀንሱት» እያሉ ከተነጫነጩ ጥርጣሬው በቂ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ «ሰ» እና «ፈ» የሚደባለቁብዎ ለዚህ ነው። ጭው የሚለው ድምፅም ብዙውን ጊዜ ቅጥነቱ ከጠፉት ድምፆች ጋር ይቀራረባል።

የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ኦዲዮሜትሪ ይጠይቁ። ማዳመጫ ያጠልቁልዎታል፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ። በቃ፣ አያምም። ውጤቱ በወረቀት ላይ ይሳላል፤ ቀይ ክቡ የቀኝ ጆሮ፣ ሰማያዊ ኤክሱ የግራ ነው። መስመሩ 4,000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ወደ ታች ከሰረጎደ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ከውጭ የሚመጣ ከፍተኛ ጩኸት ነው። የተለመደው ምርመራ 8,000 ሄርዝ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የጠፋውን አያሳይም። ስለዚህ «ጤነኛ ነዎት» ቢባሉም ጩኸቱን ፈጠሩት ማለት አይደለም።

4. የሚወስዱትን መድኃኒት በዝርዝር ይዘው ይሂዱ። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ አሚካሲን፣ ሲስፕላቲን፣ በብዛት የተወሰደ አስፕሪንና የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ጆሮን ሊነኩ ይችላሉ። በራስዎ ግን አያቋርጡ፤ በተለይ የቲቢ መድኃኒት ከሆነ።

5. የቀረውን ይጠብቁ። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ሥራ ወይም ጄኔሬተር አጠገብ የሚውሉ ከሆነ የጆሮ መሸፈኛ ያድርጉ። ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው መጮህ ካስፈለገዎ ቦታው ለጆሮ አደገኛ ነው። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ለ8 ሰዓት ገደብ ተደርጎ ይወሰዳል፤ 88 ሲደርስ ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል።

6. መስማትዎ ቀንሶ ከተገኘ የመስሚያ መሣሪያ ይሞክሩ። «ሽማግሌ ያስመስለኛል» የሚል አለ። መሣሪያው የውጭውን ድምፅ ሲመልስ ግን ለብዙ ሰው ጩኸቱ ይደበዝዛል። ጩኸቱን ጨርሶ የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥልዎትን ይለፉት።

ማታስ? እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች መስማታቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀመጡ። 94 በመቶዎቹ የሆነ ድምፅ ሰማን አሉ። ስለዚህ ሲተኙ ፍጹም ጸጥታ አይፈልጉ። ራዲዮ ዝቅ አድርገው ወይም ማራገቢያ ከፍተው ይተኙ። ጩኸቱን እንዲደፍነው አያስፈልግም፤ አጠገቡ ሌላ ድምፅ ካለ ይበቃል።