ገመዱ ቢበጠስስ? የመውደቂያ ማማን ወረፋ ላይ ቆሞ ማንበብ

ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኪንግስ ዶሚኒየን የሚባለው የመጫወቻ ፓርክ ሄደን፣ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከላይ የሚለቀውን ያንን ረጅም ማማ አብረን እንድንወጣ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ፓርኩ ያለው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዶስዌል ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ በአይ 95 አውራ ጎዳና አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ማማው ሥር ስንደርስ ግን እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ገመዱ ቢበጠስስ?»

ሥራዬ የሊፍት ጥገና ነው። ይህን ጥያቄ በየሕንፃው ስሰማ ኖሬያለሁ። ለልጄ የመለስኩላትንና በኋላ ቤት ያሳየኋትን እዚህ ላስፍረው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ወረፋው ረጅም ስለሆነ፣ ቆማችሁ ለማየት ጊዜ አታጡም።

መጀመሪያ ሁለት ዙር ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ሰዎቹን ሳይሆን ከወንበሮቹ በላይ ያለውን። ወንበሮቹ በማማው ዙሪያ እንደ ቀለበት ተደርድረዋል። ከእነሱ በላይ ሌላ ብረት አለ። በሽቦ ገመድ የሚጎተተው እሱ ነው። ወንበሮቹን በመንጠቆ ይዞ ወደ ላይ ይወስዳቸዋል። ጫፍ ላይ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ መንጠቆው ይከፈትና ወንበሮቹ ብቻቸውን ይወርዳሉ። ገመዱና መንጠቆው እዚያው ላይ ይቀራሉ፤ በኋላ ቀስ ብለው ወርደው ቀጣዮቹን ያነሳሉ።

«ስንወድቅ ገመድ የለንም ማለት ነው?» አለች። የለንም። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ለእኔ ግን ደጉ ዜና ይህ ነው። ገመዱ የማንሳት ሥራ ብቻ ነው ያለው። የሚያቆመን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ዓይናችሁን ወደ ማማው ታችኛ ክፍል መልሱ። ቁልቁል የተተከሉ ቀጫጭን የብረታ ብረት ሳህኖች ታያላችሁ። ፍሬኑ ይህ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ማማዎች ሳህኖቹ ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ወንበሮቹን የተሸከመው ክፍል ደግሞ ጠንካራ ቋሚ ማግኔቶች አሉት። በአንዳንዶቹ ቦታው ይገላበጣል። ማግኔት በመዳብ አጠገብ በፍጥነት ሲያልፍ መዳቡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ከረንት ይነሳል። ያ ከረንት የራሱን የማግኔት ኃይል ይፈጥርና የሚወርደውን ይቃወማል። ብረትና ብረት ሳይነካኩ የውድቀቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ይህን ፍሬን በጣም እወደዋለሁ። መብራት ቢጠፋ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ይሠራል። ኦፕሬተሩ ቁልፍ መጫን ቢረሳም ይሠራል። በፈጠናችሁ ቁጥር ደግሞ አብዝቶ ይይዛችኋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የመያዝ ኃይሉም ስለሚቀንስ ብቻውን ሙሉ በሙሉ አያቆምም። መጨረሻ ላይ ወንበሮቹ በዝግታ ተንሳፍፈው መሬት የሚደርሱት ለዚህ ነው። ሊፍት ከልክ በላይ ከፈጠነ ሐዲዱን ነክሶ የሚይዝ ብረት አለው። ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 ኒውዮርክ ላይ ሰው ፊት ገመዱን አስቆርጦ ያሳየው የዚህን ዘዴ መነሻ ነው። የማማው ፍሬን ግን ነክሶ የሚይዘው ነገር እንኳ የለም።

ቁጥር ለሚወድ፣ የኪንግስ ዶሚኒየኑ ማማ 93 ሜትር ገደማ ነው። የሚወረደው 83 ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወረቀት ላይ አስልቼዋለሁ። ያን ፍጥነት ለማግኘት ከሦስት ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ነጻ ውድቀት፣ ወደ 53 ሜትር ይበቃል። ስለዚህ 30 ሜትር ያህል ለፍሬኑ ይተርፋል። በዚያ ርቀት ለመቆም ሰውነታችሁ ከክብደቱ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጫና ይሰማዋል። አምስት ኪሎ የሚመዝን ጭንቅላት ለአፍታ 14 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ጭንቅላታችሁን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጣብቁ። ወደ ታች አጎንብሳችሁ መሬቱን ለማየት አትሞክሩ። አንገት፣ ወገብ ወይም ልብ የሚያመው፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ሥር ቆማ ልጆቹን ፎቶ ታንሳ።

ሁሉም ማማ ግን እንዲህ አይደለም። ከመነሳቱ በፊት የታመቀ አየር «ፍስስ» ሲል ከሰማችሁ በአየር ግፊት የሚሠራ ነው። ላስ ቬጋስ ድሮ ስትራቶስፌር ይባል በነበረው፣ ዛሬ ስትራት በሚባለው ማማ ጫፍ ላይ ያለው ቢግ ሾት እንደዚያ ነው፤ ሰውን ወደ ላይ ይወረውራል። ፍሎሪዳ ዲዝኒ ውስጥ ያለው የ1994ቱ ታወር ኦፍ ቴረር ደግሞ የእኔን ሥራ የሚመስል ነው። ሞተሩ ክፍሉን በገመድ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ከመሬት ስበት ይፈጥናል።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። በ2007 በኬንታኪ፣ ሉዊቪል ባለ ፓርክ የማማ ገመድ ተበጥሶ የአንዲት ታዳጊን እግሮች ቆርጧል። የተበጠሰ የሽቦ ገመድ እንደ አለንጋ ነው። ወንበሮቹ ሲነሱ ቢንገጫገጩ ወይም እንግዳ ድምፅ ብትሰሙ ለሠራተኛው ከመናገር አትፈሩ። «ዝም በል፣ ያሳፍራል» አትበሉ።

ዋናው የእናንተ ሥራ ግን የትከሻ መያዣው ነው። ማግኔቱ የሰው እጅ አይጠብቅም። መያዣው ይጠብቃል። በመጋቢት 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦርላንዶ ፍሪ ፎል በሚባለው የመውደቂያ ማማ ላይ የ14 ዓመት ልጅ ከወንበሩ ወጥቶ ሞቷል። ፍሬኑ ሠርቷል። ምርመራው ያገኘው ሌላ ነገር ነው። የእሱን ወንበር መያዣ መዘጋት የሚለካው ሴንሰር በእጅ ተስተካክሎ፣ ክፍተቱ ከሌሎቹ ሰፍቶም «ተዘግቷል» ይል ነበር። ወንበሩ ቀበቶም አልነበረውም። ስለዚህ «ተዘግቷል» የሚለውን መብራት ብቻ አትመኑ። ከተቀመጣችሁ በኋላ መያዣውን ወደ ላይ በኃይል ግፉት። ከሰውነት ጋር ገጥሟል? የልጃችሁስ ከጎኑ ካሉት ወንበሮች እኩል ወርዷል? ቀበቶ ካለ ራሳችሁ ሳቡት። ካልገጠመ እጅ አንሱና ውረዱ። የቁመት መለኪያው ላይ ልጅ በእግር ጣት እንዲቆም አታድርጉ። የክብደትና የቁመት ገደቡንም አንብቡ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ መነጽር፣ ስልክ፣ ሁሉም ከታች ይቅር።

ያን ቀን አልወጣንም። ልጄ «ሌላ ጊዜ» አለች፤ እኔም አልገፋኋትም። ቤት ስንደርስ አንድ ሃይላንድ ከሥሩ በምስማር በሳሁና ውሃ ሞላሁት። ክዳኑ ሲከፈት ውሃው ከቀዳዳው ይንፎለፎላል። ደረጃው ላይ ቆሜ ለቀቅኩት። እየወደቀ ሳለ ውሃው መፍሰሱን አቆመ። ጠርሙሱም ውሃውም እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫንም። ሆዳችን ላይ የሚሰማን ያ ነው።

በማግስቱ ሆም ዲፖ ሄጄ አንድ ሜትር የመዳብ ቱቦ ገዛሁ። ውስጡ በቀላሉ የሚያልፍ ክብ ጠንካራ ማግኔትም አገኘሁ። (ትንንሽ ልጆች ካሉ ማግኔቱን ደብቁት፤ ከተዋጠ አደገኛ ነው።) መጀመሪያ ማግኔቱን ቱቦው ላይ አስነካችው፤ አይጣበቅም። ከዚያ ቱቦውን አቁሜ ይዤ ተራ ብሎን ጣለች። ወዲያው ከሥር ወጣ። ማግኔቱን ጣለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ብላ ቆጠረች። ዓይኗን ቱቦው አፍ ላይ አድርጋ ሲንሳፈፍ አየችው። ያን ምሽት ሃያ ጊዜ ሳትጥለው አልቀረችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስን። መያዣዋን ሁለት ጊዜ ገፋች፤ የእኔንም ገፋችው። ጫፍ ላይ ስንቆም የዶስዌል ዛፎች ከሥራችን ነበሩ።

«አባዬ» አለችኝ፣ «አሁን መንጠቆው ይከፈታል።»