ፍራሹ ረጥቧል? ጣሪያውን ለመውቀስ አትቸኩሉ

የካምፒንግ ተሳቢዬን፣ ማለትም መኪና የሚጎትተውን የመኝታ ቤቴን፣ እዚሁ ጅማ ራሴው ነኝ የሠራሁት። ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ፣ አጥንቱ ቱቦላሬ። ከዚያ ወዲህ «እስቲ የኔንም እየው» የሚለኝ በዝቷል። ጎማ መንፋትና ቡሎን ማጥበቅ አላስተምርም።

ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬን መብራቱ አብሮ ብልጭ ይላል? ማሳ ነው፤ ከመብራቱ ወደ ተሳቢው ብረት የሚመለሰው የኤሌክትሪክ መስመር ማለቴ ነው። አምፖል በመቀያየር ገንዘብ አትጨርሱ። የማሳው ሽቦ የታሰረበትን ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ ብረቱን አውጡት፣ አጥብቁት፣ ግራሶ ቀቡት።

ተሳቢው ጭራውን ይወዘውዛል? ዕቃው ከአክሱ (ግራና ቀኝ ጎማውን ከሚያገናኘው ብረት) ኋላ በዝቷል። ውሃውንና ባትሪውን ወደ ፊት አምጡ፤ መጎተቻው ላይ ከጠቅላላ ክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ይረፍ። የጊቤን ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ነው ታዲያ፣ እዚያ ደርሳችሁ አይደለም።

ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የመሃሉ ብረት) እጅ ያቃጥላል? ኩሽኔታ ነው፣ ውስጡ ያለው ማሽከርከሪያ። ግራሶው ደርቋል ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። ርካሹን ኩሽኔታ ገዝታችሁ ከሆነ ግን እኔ ጋ አትደውሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ጠዋት ፍራሹ ከሥሩ ረጥቦ ይገኛል። አሥር ሰው ቢጠራኝ ሰባቱ ለዚህ ነው። ሁሉም «ጣሪያው ያፈሳል» ይላል።

አንድ ወዳጄ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ሲልኮን አስቀባ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሳይ ሲልኮኑ እንደ እንጀራ ተደራርቧል። ውስጥ ገባሁ፤ ኮርኒሱ ደረቅ ነው። ፍራሹን ሳነሳ የአልጋው ቺፑድ እንደ ተነፋ ሊጥ አብጧል፣ ጣቴ ሰመጠበት። «ማታ ማታ ምን ትሠራላችሁ?» አልኩት። «ዝናብ ስለሆነ በሩን ዘግተን ቡና እናፈላለን። ከዚያ ሦስታችንም እንተኛለን።»

በቃ፣ ተገኘ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቷም ረጅም ነው። የጀበናው እንፋሎትና የሦስት ሰው ትንፋሽ መውጫ ሲያጣ፣ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። የገላችሁም ወበቅ በፍራሹ አልፎ ከታች ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ይጠራቀማል።

አላመናችሁም? ማታ አንድ ፌስታል ቅደዱና ግድግዳው ላይ አራቱን ጎን በናስትሮ ለጥፉት። ጠዋት እናንተ ወዳላችሁበት በኩል ከረጠበ ትንፋሻችሁ ነው። ከጀርባው ከረጠበ ግድግዳው እውነትም ያስገባል።

ትንፋሽ ከሆነ፣ ቺፑዱን አውጥታችሁ ጣሉት። በምትኩ በጣት ስፋት የተራራቀ የእንጨት ርብራብ አድርጉ። ሁለት የአየር ቀዳዳ ክፈቱ፦ አንዱ በር አጠገብ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው በተቃራኒው ከፍ ብሎ። የትንኝ ወንፊት ይኑራቸው። በረደን ብላችሁ በጨርቅ አትወትፏቸው! ጋቢ ጨምሩ።

የምር የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ውሃው የታየበት ቦታ የገባበት አይደለም። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ እናንተ በጀሪካን ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አፍስሱ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥብና የቱ እንደሆነ አይለይም። ቀዳዳው ሲገኝ አሮጌውን ሲልኮን እስከ ብረቱ ፋቁ። አዲስ ሲልኮን አሮጌው ላይ አይዝም።

ቡናውን በተመለከተ አንዴ ልቆጣ። ከሰል ተሳቢ ውስጥ አይገባም። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» አትበሉኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚገድለውም ተኝታችሁ ሳለ ነው። የአየር ቀዳዳ አለኝ ብላችሁም አታስገቡ። ውጭ ያደረ ምድጃ እንኳ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አታስገቡ።

እኔ ከበሩ በላይ የሚዘረጋ ሸራ ልሠራ ነው፣ ወደ ቦንጋ መንገድ በለጠ ደን ስንወጣ ጀበናው እዚያ ሥር እንዲጣድ። ቱቦላሬው ተቆርጧል። የቀረው ሸራው ነው።